ፎርም ላይ «ኦሪጂን» ሲል ምን ተብሎ ይሞላል?

«ካንትሪ ኦፍ ኦሪጂን የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?» ይህን ጥያቄ ከዘመድም ከጓደኛም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቀላል ይመስላል። ሀገርህን ጻፍ፣ አለቀ። ግን ጠያቂው ጅዳ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ አድጎ፣ አሁን የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። የተወለደበት ነው? የወላጆቹ ሀገር ነው? ወይስ ዜግነቱ? ሦስቱም «ኦሪጂን» ሊባሉ ይችላሉ። አንዱ ቢሮ ትክክል የሚለው መልስ ሌላው ቢሮ ስህተት ነው፤ ስህተቱ ደግሞ አንዳንዴ ቪዛ ያስከለክላል፣ አንዳንዴ ቀረጥ ያስከፍላል።

ስለዚህ ቃሉን ዘርዘር አድርገን እንየው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ሥሩ «መነሳት፣ መውጣት» የሚል ግስ ነው፤ ለፀሐይ መውጣትም ይሠራ ነበር። ምሥራቅን «ኦሪየንት» ያሉትም ከዚሁ ግስ ነው። እኛ በአማርኛ እንደየቦታው መነሻ፣ መገኛ፣ ምንጭ፣ ትውልድ፣ ዘር፣ ጥንት እንላለን። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያመጣዋል፤ ግራ የሚያጋባንም እሱ ነው። ፎርሙ የትኛውን እንደፈለገ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ፎርሙን ያወጣው አካል ማንነት ነው፦ አየር መንገድ ነው? ጉምሩክ ነው? ኢሚግሬሽን ነው? አሠሪ ነው?

ቀላሎቹን ቶሎ እንለፋቸው። የአውሮፕላን ቲኬት ላይ ኦሪጂን ማለት የምትነሱበት ከተማ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ሒሳብ ላይ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ዜሮ ነጥብ ነው። «ኦርጅናል» የሚለውን ልጁን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። መርካቶ ስልክ ስትገዙ «ኦርጅናል ነው?» ብትሉ ፎርጅድ አለመሆኑን መጠየቃችሁ ነው። ቀበሌ «ኦርጅናሉን ይዘህ ና» ካላችሁ ኮፒውን አንቀበልም ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛ ላይ ሦስተኛ ትርጉም አለው፤ አንድን ጸሐፊ «ኦሪጂናል» ካሉት ከማንም ያልኮረጀ፣ አዲስ ነገር ያመጣ ማለት ነው። ቃሉ ጥንትንም አዲስነትንም መያዙ ይገርማል፤ ግን ሁለቱም «ከሌላ ያልተቀዳ» የሚለው ላይ ይገናኛሉ።

ዕቃ ላይ ሲሆን ከበድ ይላል።

ዱባይ ሄዳችሁ ቻይና የተሠራ ጄኔሬተር ገዛችሁ እንበል። ላኪው ሀገር የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ነው። ኦሪጂኑ ግን ቻይና ነው። ዱባይ መጋዘን ወራት ቢቀመጥም፣ ካርቶኑ ቢቀየርም ቻይና ነው። በጅቡቲ ወደብ ማለፉማ ጭራሽ አይቆጠርም። ጉምሩክ ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚጠይቀው፤ አንዱን በሌላው ቦታ የሞላ አስመጪ ዕቃው ሊታገድበት ይችላል።

ዕቃ ላይ የሀገር ስም መጻፍ የቆየ ነገር ነው። እንግሊዞች በ1887 ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ አሳሳች ምልክት የሚከለክል ሕግ አወጡ። ያኔ ርካሽ የጀርመን ዕቃ ገበያቸውን አጥለቅልቆት ስለነበር «ሜድ ኢን ጀርመኒ» የሚለው ጽሑፍ ገዢውን ለማስጠንቀቅ ነበር የታሰበው፤ በኋላ ግን የጥራት ምልክት ሆኖ አረፈው። አሜሪካም በ1930 የታሪፍ ሕጓ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የመጣበት ሀገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት አዘዘች፤ እስካሁን ይሠራል።

ግን አንድ ሸሚዝ የማን ሀገር ነው? ጥጡ ከህንድ፣ ጨርቁ ከቻይና፣ ቁልፉ ከሌላ ቦታ፣ ተቆርጦ የተሰፋው ሐዋሳ። ደንቡ ሁለት ደረጃ አለው። ሙሉ በሙሉ አንድ ሀገር የተገኘ ነገር፣ እንደ ቡና፣ ሰሊጥ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ በሬ፣ ክርክር የለውም። ብዙ ሀገር የነካው ዕቃ ግን ለመጨረሻ ጊዜ መሠረታዊ ለውጥ የተደረገበት ሀገር ዕቃ ይባላል። ልብስ ላይ አሜሪካኖቹ በአብዛኛው የሚያዩት የተሰፋበትን ቦታ ነው። ስለዚህ ሸሚዙ የኢትዮጵያ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የሸሚዙ አንገት ላይ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ተብሎ መጻፉ ከቀረጥ ነፃ ያስገባዋል ማለት አይደለም። ለጽሑፉ የሚሠራው የኦሪጂን ደንብ አንድ ነው፣ ለቀረጥ ቅናሽ የሚሠራው ሌላ ነው፣ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ይበልጥ ጥብቅ ነው። በ2000 የወጣው አጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ከልብስ ውጪ ላለ ዕቃ ከዋጋው ቢያንስ 35 በመቶው ተጠቃሚ ሀገር ውስጥ እንዲጨመር ይጠይቃል። ለልብስ ደግሞ ጨርቁም ክሩም ከየት እንደመጣ ይቆጥራል፤ ብዙዎቹ የአፍሪካ ሀገሮች የእስያ ጨርቅ ሰፍተው ያለ ቀረጥ ማስገባት የቻሉት ሕጉ ውስጥ ልዩ ፈቃድ ስለገባላቸው ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2011 ጀምሮ በጣም ድሃ ለሚባሉት ሀገሮች አንድ የሥራ ደረጃ፣ ማለትም መስፋቱ ብቻ፣ ይበቃል ብሎ አላላው። ይህን ያልተረዳ ሰው የኢንዱስትሪ ፓርኮቹ ለምን ሩቅ ሀገር ያለ ሕግ ሲቀየር እንደሚናወጡ አይገባውም። ኢትዮጵያ በጥር 2022 ከአጎዋ ስትወጣ የሸሚዙ ኦሪጂን አልተቀየረም። ያው ሐዋሳ፣ ያው መኪና፣ ያቺው ሰፊ ልጅ። የተቀየረው ቀረጡ ነበር፣ እሱም ብዙ ልጆችን ሥራ አሳጣ።

ቡና ላይ ደግሞ ኦሪጂን ሌላ ቋንቋ ሆኗል። ቡና ቆልተው የሚሸጡ የውጭ ነጋዴዎች «ወደ ኦሪጂን እየሄድን ነው» ካሉ ቡና አብቃይ ሀገር መሄዳቸው ነው። ከረጢቱ ላይ «ሲንግል ኦሪጂን» ሲል ከሌላ ቦታ ቡና ጋር አልተደባለቀም ማለት ነው፤ ያ «አንድ ቦታ» ግን አንድ ሀገር ሊሆን ይችላል፣ አንድ ወረዳ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ገበሬም ሊሆን ይችላል። ቃሉ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከሥሩ ያለውን አንብቡ፦ «ኢትዮጵያ» ብቻ ነው የሚለው? «ጌዴኦ» ይላል? የቀበሌውን፣ የቡና ማጠቢያውን ስም ጽፏል? ከፍታውን፣ ቡናው የታጠበ ይሁን በደረቁ የተዘጋጀ የጻፈ ሻጭ ብዙ ጊዜ ምንጩን የምር ያውቃል።

በኛ በኩልም ታሪክ አለው። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ቡና በምርት ገበያው በኩል ሲያልፍ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይቀላቀል ነበር። ገዢው «ይርጋጨፌ፣ ደረጃ 2» መሆኑን ያውቃል፣ የማን ማጠቢያ እንደሆነ ግን ጠፋ። ለክፍያ ፍጥነት ጥሩ ነበር፣ ለኦሪጂን ግን ጎጂ። በ2017 የወጣው ማሻሻያ ቡናው ከየት እንደመጣ ተከታትሎ መሸጥን መልሶ ፈቀደ።

ከዚያ በፊትም ስሙ ራሱ አከራክሯል። በ2005 ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። ይርጋጨፌ ቶሎ አለፈ፣ በሁለቱ ላይ ክርክር ተነሳ። የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ «እነዚህ የቦታ ስሞች ናቸው፣ ኦሪጂን ያመለክታሉ፣ የአንድ ባለቤት ብራንድ ሊሆኑ አይችሉም» የሚል ነበር። ከነሱ በኩል የቀረበው አማራጭ ቡናው ከዚያ ቦታ መምጣቱን የሚያረጋግጥ የምስክር ምልክት ነው። የኢትዮጵያ መልስ ግልጽ ነበር፦ በትናንሽ ማሳ የሚያመርቱ ሚሊዮን ገበሬዎች ባሉበት ሀገር እያንዳንዷን ኬሻ መከታተል አይቻልም፣ ወጪውንም የሚሸከመው ገበሬው ይሆናል። በሰኔ 2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በስሞቹ ጉዳይ ስምምነት ተፈረመ። እኔ የኢትዮጵያ አቋም ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ኦሪጂንን መግለጽና ኦሪጂንን ባለቤት ሆኖ መያዝ የተለያዩ ናቸው፤ ገንዘቡ ያለው ሁለተኛው ጋ ነው።

ስም ኦሪጂንን እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት ደግሞ «አረቢካ» የሚለውን ተመልከቱ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ስሙን ሲያወጣ አውሮፓ ቡናን የምታውቀው በየመን በኩል ነበር። የዱር ቡናው ያለው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ውስጥ ነው። ስሙ የመጣበትን መንገድ እንጂ የበቀለበትን ቦታ አልያዘም።

ሳይንስ ላይ ኦሪጂን ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ያየሁት ገብስ ላይ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ዘር ሰበሰበ። የገብስና የስንዴው ዓይነት ብዛት አስደነቀው። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ የአንድ ሰብል ዓይነቱ የበዛበት ቦታ መነሻውም እዚያ ነው። በዚህም ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ አደረጋት። ለጤፍ፣ ለእንሰት፣ ለኑግ ትክክል ነበር። ለገብስና ለስንዴ ግን በኋላ የተደረገው ቁፋሮና የዘረመል ጥናት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ወሰደው፤ ሰው መጀመሪያ ያላመዳቸው እዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ባለሙያዎች «የመነሻ ማዕከል» እና «የብዝኃነት ማዕከል» ብለው ይለያሉ።

ይህ የኛን ገበሬ ያሳንሰዋል? በፍጹም። ዘሩ ከውጭ መጥቶ፣ ደጋም ወይና ደጋም ላይ በሺህ ዓመታት እየመረጠ ያን ሁሉ ዓይነት ያወጣው እሱ ነው። የገብስ ቅጠል የሚያቢጫና የሚያቀጭጭ ቫይረስ አለ፤ ካሊፎርኒያ ገብሷን ከሱ ያዳነችው ከኢትዮጵያ ገብስ በተገኘ ዘረመል ነው። መነሻ አለመሆን ዋጋ ማጣት አይደለም። ይህን የምለው «የኛ ነው፣ ከኛ ነው የጀመረው» የሚለው ክርክር ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ሁሌ ስለሚያናድደኝ ነው፤ የጀመረውን ብቻ ስናከብር ያሳደገውን እንረሳለን።

የሰው ልጅ መነሻም እንደዚሁ ነው። ሉሲ በ1974 ተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት በ2022 በወጣ ጥናት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ግድም ተሰጥቶታል። ሞሮኮ የተገኘው ደግሞ ወደ 300 ሺህ ይጠጋል። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች አሁን አንድ ሀገር ላይ ጣት አይቀስሩም፤ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ የተዘረጋ ረጅም ሂደት ነበር ይላሉ። «ምድረ ቀደምት» የሚለው የቱሪዝም መጠሪያ በ2016 ሲወጣ እንግሊዝኛው «ላንድ ኦፍ ኦሪጂንስ» ተባለ፣ በብዙ ቁጥር። የብዙ ነገር መነሻ ለማለት ነው፤ በዚያ ትርጉሙ ልክ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ እንምጣ፤ ሰው ላይ።

ሰላማዊት እንበላት። ወላጆቿ ደሴ ተወልደው ለሥራ ሳዑዲ ሄዱ፣ እሷ ጅዳ ተወለደች፣ ሦስት ዓመቷ ላይ አዲስ አበባ ገባች። ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። ዲቪ፣ የአሜሪካን የቪዛ ዕጣ፣ ስትሞላ ሀገሯ የቱ ነው? ሳዑዲ ዓረቢያ። የዲቪ ደንብ የሚቆጥረው የተወለዱበትን ሀገር እንጂ ዜግነትን አይደለም። መውጫ አላት፦ ባል ካላት የሱን የትውልድ ሀገር መያዝ ትችላለች፤ ወይም ወላጆቿ ሳዑዲ ያልተወለዱና እሷን ሲወልዱም እዚያ ሕጋዊ ነዋሪ ያልነበሩ ከሆነ የአንዳቸውን የትውልድ ሀገር ትጠቅሳለች። ያለ ምክንያት «ኢትዮጵያ» ብላ ከሞላች ግን ዕድሉ ወጥቶላት እንኳ ቃለ መጠይቅ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። አስመራ በንጉሡ ዘመን የተወለደ ሰውም መሙላት ያለበት ዛሬ ባለው ስም፣ ኤርትራ ብሎ ነው።

ለምን ትውልድ? ከኋላው ረጅም ታሪክ አለ። አሜሪካ በ1924 ባወጣችው ሕግ ስደተኛን በ«ናሽናል ኦሪጂን» ትመድብ ነበር። ሰሜንና ምዕራብ አውሮፓ አብዛኛውን ኮታ ወሰደ፣ የኢትዮጵያ ድርሻ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ሥርዓት በ1965 ተሻረ። በተወለዱበት ሀገር መቁጠሩ ግን ሳይሻር ቆየ፤ በ1990 ሕግ የመጣው ዲቪም የወረሰው እሱን ነው።

ይህችው ሰላማዊት ጥገኝነት ብትጠይቅስ? መልሱ ይገለበጣል። በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት የሚታየው ዜግነት ነው። ጅዳ መወለዷ የሳዑዲ ዜጋ አላደረጋትም፣ ስለዚህ ኦሪጂኗ ኢትዮጵያ ነው፤ ዳኛው የሚያነበውም ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን የሀገር ሁኔታ ሪፖርት ነው። ዜግነት የሌለው ሰው ሲሆን ብቻ ነው ቀድሞ የኖረበት ሀገር የሚታየው። አንድ ሰው፣ ሁለት ፎርም፣ ሁለት የተለያየ ትክክለኛ መልስ። ሁለቱን አንድ ለማድረግ ብላችሁ እንዳታቀላቅሉ።

ሥራ ቦታ ደግሞ ሦስተኛ ነው። የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በ«ናሽናል ኦሪጂን» እንዳያዳላ ይከለክላል። እዚህ ቃሉ ሰፊ ነው፤ አንተ የተወለድክበትንም አያቶችህ የመጡበትንም ይይዛል። ሰላማዊት ጅዳ በመወለዷም ሆነ ወላጆቿ ከደሴ በመምጣታቸው ብትገፋ ሕጉ ይሸፍናታል። ዜግነትን ግን አይጨምርም። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንዲት የሜክሲኮ ዜጋ «አሜሪካዊት አይደለሽም» ተብላ ሥራ መከልከሏ በዚህ ሕግ አይታይም ብሎ ወሰነ፤ በዜግነት የሚደረግ አድልዎ በ1986 በሌላ ሕግ በከፊል ተሸፈነ።

የሀገራችን ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አክሰንት ነው። «እንግሊዝኛሽ አክሰንት አለው» ብሎ ከሥራ ማስወጣት የሚቻለው አነጋገሩ ሥራውን በእውነት ሲያደናቅፍ ብቻ ነው። የደንበኛ አለመውደድ ምክንያት አይሆንም። አቤቱታ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 180 ቀን ነው፣ ብዙ ግዛቶች ላይ እስከ 300 ይደርሳል። ብዙ ሰው «ለምን ጣጣ አመጣለሁ» ብሎ ሲቆይ ቀኑ ያልፍበታል፣ እንደዚህ አታድርጉ።

የ2020 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ፎርም ላይ ደግሞ «ኦሪጂን» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ነበር፤ መጀመሪያ የመጣው ሂስፓኒክ፣ ማለትም ዘሩ ከስፓኒሽ ተናጋሪ ሀገሮች የሆነ ሰው፣ ነህ ወይ የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የኛ ሰው እሱን «አይደለሁም» ብሎ ያልፍና ቀጥሎ የሚመጣው የዘር ጥያቄ ላይ «ብላክ» ከሚለው ሥር ኦሪጂኑን የሚጽፍበት ባዶ መስመር ያገኝ ነበር። መስመሩ ላይ በምሳሌነት ከተጻፉት አንዱ «ኢትዮጵያን» የሚል ነበር። ዝም ብሎ ሳጥኑን ምልክት አድርጎ ያለፈ ሰው በኢትዮጵያዊነት አልተቆጠረም።

ሰላማዊት በመጨረሻ አሜሪካዊት ሆነች እንበል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድምና የኢትዮጵያ ዜግነቷ ቀረ። አሁን «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ናት፤ ቢጫ ካርድ የሚባለው የሚሠራው ለሷ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994፣ በኛ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊን እንዲህ ይገልጻል፦ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ። ጅዳ መወለዷ እዚህ ምንም አይጎዳትም። ሚኒሶታ የምትወለድ የልጅ ልጇም አማርኛ ባትሰማም በሕጉ ትገባለች። ካርዱ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ኢንቨስትመንት ላይ እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት ይታያል። መምረጥና መመረጥ አይችልም፤ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አይቀጠርም።

አንድ የሚያሳዝነኝ አንቀጽ አለው። የኢትዮጵያ ዜግነቱን ትቶ የኤርትራን የወሰደ ሰው ከትርጉሙ ውጭ ነው። አዋጁ የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት ሳይርቅ ነውና ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ግን አዲስ አበባ አንድ ቤት ከተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ የአሜሪካ፣ ሌላው የኤርትራ ዜግነት ቢወስዱ፣ በሕጉ ቃል ካርዱ የሚገባው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ትውልድን የሚለካ ሕግ እዚህ ጋ ፖለቲካ ለክቷል፣ ሊታረም ይገባዋል።

ለካርዱ የሚያመለክት ሰው ኢትዮጵያዊ መነሻውን በሰነድ ማሳየት አለበት። የራሱ ወይም የወላጁ የድሮ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአያት መታወቂያ ብዙ ጊዜ ቤት ሲስተካከል አብሮ የሚጣል ወረቀት ነው። አትጣሉት፤ ስካን አድርጋችሁ ኦርጅናሉንም አስቀምጡ።